የማኅበረሰብ ሬዲዮ የባህል ዝግጅት፦ ሻደይን እንዴት እንቅረጸው? በ60 ደቂቃስ እንዴት እናቅርበው?

ሰቆጣ_ሞገድ (ክሩን የከፈተ)
ሐምሌ 19

ሰላም ለመድረኩ ወዳጆች። ጥያቄው በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት፣ በየሳምንቱ ለ60 ደቂቃ በሚተላለፍ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የባህል ዝግጅት ላይ ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ፣ በሰቆጣና በዋግ ልጃገረዶች እየጨፈሩ የሚያከብሩት በዓል፣ ይገባል፤ የዚያ ሳምንት ሰዓት በሙሉ ለሻደይ ነው። የተለመደው አሠራር ይታወቃል፦ አቅራቢው ስለ በዓሉ ታሪክ ያነብባል፣ ከሥር ከኢንተርኔት የወረደ ዘፈን ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ በስልክ ይገባል። የልጃገረዶቹ ድምፅ የለበትም። የዋግ ሰው ሬዲዮ ሲከፍት የገዛ ሰፈሩን ድምፅ ካልሰማ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚለው ስም ባዶ ነው።

ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ ሁለት ማይክ በአናቱ ላይ ያለው አንድ የእጅ መቅረጫ፣ ሁለት ስማርት ስልክ፣ ደረት ላይ የሚሰካ አንድ ትንሽ ማይክ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ባለ 8 መስመር ሚክሰርና አንድ ኮምፒውተር። ያሉት ችግሮች፦ ከበሮ ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ዝግጅቱ በአማርኛና በዋግ በሚነገረው በኽምጥኛ ስለሆነ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ እየተነገረ ሰዓቱ ያልቃል። የምታውቁ አካፍሉን።

ከበሮና_ማይክ
ሐምሌ 19

ከመሰንጠቁ ልጀምር። ብዙ ሰው ጥፋቱን ከበሮው ላይ ይጥላል፤ መለኪያውን አይቶ ለሚከታተል ግን መጀመሪያ ጣሪያውን የሚነካው እልልታው ነው። ስለዚህ የመቅረጫውን መጠን በዘፈን አትለኩ። ጭፈራው ሳይጀመር ጉሮሮዋ ጠንካራ የሆነችውን ልጅ ማይኩ በሚኖርበት ርቀት ላይ አቁሙና በሙሉ ኃይሏ እልል ትበል። መለኪያው ከዜሮ (ድምፁ ከሚቆረጥበት ጣሪያ) በታች 6 ዴሲቤልን እንዳያልፍ አድርጋችሁ አስተካክሉና ከዚያ በኋላ አትንኩት። ዘፈኑ ራሱ ከዜሮ በታች በ18 እና በ12 መካከል ይውላል። ዝቅ ያለ ይመስላል፤ አትደንግጡ። በ24 ቢት የተቀረጸ ዝቅተኛ ድምፅ ቆይቶ ከፍ ይደረጋል፤ ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ግን በምንም አይጠገንም።

መቅረጫው ላይ አውቶ (መጠኑን በራሱ የሚያስተካክል) የሚል ካለ አጥፉት። አውቶ ከበሮ በተመታ ቁጥር ዘፈኑን ይጫናል፣ በሁለት ምት መካከል ደግሞ ነፋሱንና ጫጫታውን ወደ ላይ ይስባል። ሲሰማ የደከመው ሰው እንደሚተነፍስ ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ማይኩን የከበሮው ሰፊ አፍ ፊት ለፊት አታድርጉ። ከዚያ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ መቅረጫውን ይሞላዋል፣ የአድማጩ ትንሽ ሬዲዮ ግን ሊያወጣው አይችልም፤ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ላይ ያለ ድምፅ ማጉያ ከ200 ኸርዝ በታች እምብዛም የለውም። አድማጩ ከበሮውን የሚያውቀው በጥፊው ነው፤ ጥፊው ደግሞ በጠባቡ አፍ በኩል ይበልጥ ይጠራል። ስለዚህ ከከበሮዋ 3 ሜትር ራቁ፣ በጠባቡ አፍ በኩል ሁኑ፣ ወደ አውራጇ እስከ 2 ሜትር ቅረቡ። መቅረጫውን ከጭንቅላት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት፤ ያኔ አውራጇም ተቀባዮቹም ሚዛን ይይዛሉ። በእጅ አትያዙት፤ ጣት ሲንቀሳቀስ ይገባል። ማቆሚያ ከሌለ ዱላ ጫፍ ላይ በላስቲክ ማሰር ይበቃል።

አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ወገባቸው ላይ የታሰረው ሻደይ የሚባለው ቅጠል ሲወዛወዝ የራሱ ድምፅ አለው፤ የበዓሉ ስምም የመጣው ከዚሁ ቅጠል ነው። በዘፈኑ መሀል አይሰማም። ለብቻው ቅረጹት፦ ሁለት ልጆች ያለ ከበሮና ያለ ዘፈን ለአንድ ደቂቃ እስክስታውን ይምቱ፣ ማይኩ በወገባቸው ቁመት፣ ከግማሽ ሜትር ርቀት። ዝግጅቱን በዚህ ድምፅ ብትከፍቱት ያደገችበት ሴት ሁሉ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ዝናብ_በቆርቆሮ
ሐምሌ 20

ከላይ የተባለውን እደግፋለሁ፤ ወሩን ግን አትርሱ። ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ዋናውን ቀረጻ ጠዋት ጨርሱ።

ቃለ መጠይቁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስለው በሁለት ምክንያት ነው፦ ማይኩ ሩቅ ነው፣ ክፍሉ ባዶ ነው። የማይኩ ትክክለኛ ርቀት አንድ ስንዝር ነው፤ ስንዝሩን በእጃችሁ ለኩት። ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ከአገጭ ወደ ጎን አድርጉት፣ አለዚያ በ፣ ፐ እና ፈ በተነገሩ ቁጥር ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ቢሮ ከሁሉ የከፋ ነው። የሣር ክዳን ቤት፣ አልጋና ልብስ ያለበት ክፍል በጣም የተሻለ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጀመረ ቀረጻውን አቁሙና ቡናውን ጠጡ፤ የቆርቆሮ ዝናብን ንግግሩን ሳያበላሽ አጥርቶ የሚለይ ሶፍትዌር ማግኘት ከባድ ነው። ሌላ ቤት ከሌለ ከተናጋሪው ጀርባና ከጠያቂው ጀርባ ጋቢ ስቀሉ፣ ጠረጴዛው ላይም አንድ ጋቢ አንጥፉ።

ሜዳ ላይ ነፋስ ካለ የማይኩ ስፖንጅ ብቻውን አይበቃም። ነፋስ የሚከላከለው ፀጉራሙ የማይክ ልብስ ከሌለ በስፖንጁ ላይ ሁለት እጥፍ ቀጭን ነጠላ ልል አድርጋችሁ እሰሩ። ድምፁን ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ግን ነፋስ ከገባበት ይሻላል። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ።

ሚኒ_ስቱዲዮ
ሐምሌ 20

በስልክ ለሚቀርጹት፦ ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ ቀይሩት። ካልሆነ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ይቋረጣል፣ ሞገዱም በማይኩ ሽቦ ገብቶ ጥርርር የሚል ድምፅ ይተዋል። የመቅረጫውን መተግበሪያ በዌቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፋይል)፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉ። የደረት ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከነጠላው ላይ ሳይሆን ነጠላው ከማይነካው ልብስ ላይ ይሰካ። የአንገት ጌጥ ካለ ያንኳኳል፤ በዓል ስለሆነ ጌጥ ይኖራል፣ እባካችሁ ይህን ቀድማችሁ ተመልከቱ።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ በድምፅ መልእክት መልክ አትላኩ። የድምፅ መልእክት ለንግግር ስለሚጨመቅ ከበሮውን ያበላሸዋል። ፋይል የሚለውን መርጣችሁ እንዳለ ላኩት።

የካርዱ ስሌት ደግሞ ይኸው፦ ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ለየብቻ የተቀረጸ)፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ከሆነ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ነው። ባለ 32 ጊጋ ካርድ ወደ 30 ሰዓት ይይዛል። የሚያልቀው ካርዱ ሳይሆን የባትሪ ድንጋዩ ነው፤ ሁለት ትርፍ ስብስብ ያዙ፣ በሚቀዘቅዝ ጠዋት ኪስ ውስጥ ይቆይ።

የሰዓቱ_አዘጋጅ
ሐምሌ 21

ስለ ድምፁ የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። ዝግጅቱን ግን የሚያፈርሰው የሰዓቱ አደረጃጀት ነው።

አትጀምሩ በ«እንኳን አደረሳችሁ»። የቅጠሉን ድምፅ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ ዘፈኑ 40 ሰከንድ፣ ማንም ሳይናገር። አቅራቢው ከዚያ በኋላ ይገባና ስሙን፣ ጣቢያውን፣ ድምፁ የተቀረጸበትን ቀበሌ ይናገራል። እስከ 12ኛው ደቂቃ ድረስ ዋዜማው ነው፦ ቅጠሉ ከየት ይቆረጣል፣ እንዴት ይጎነጎናል፣ ሹሩባው ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ኩሉ። ይህ ክፍል በሴቶቹ አፍ ብቻ ይነገር፤ እጃቸው እየሠራ ሲናገሩ ቅረጹ፣ ቁጭ አድርጋችሁ አትጠይቁ። ከዚያ ረጅሙ ክፍል፣ ወደ 18 ደቂቃ፣ የነሐሴ 16 ጉዞ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ከቤት ወደ ቤት። አንድ ቡድን ብቻ ተከተሉ። አምስት ቡድን እየቀያየራችሁ ከቀረጻችሁ አድማጩ ማንንም ሳያውቅ ያልቃል። በር ላይ መድረሳቸውን፣ የቤቱን ባለቤት የሚያወድሱበትን ግጥም፣ ስጦታው ሲሰጥ የሚባለውን ምርቃት ሳትቆርጡ አስገቡ። 

ቀጥሎ አንዲት አዛውንት፣ 8 ደቂቃ። ጥያቄው «የሻደይ በዓል ምንድን ነው?» አይሁን። እሱን ከጠየቃችሁ የመጽሐፍ መልስ ታገኛላችሁ። «እርስዎ ልጃገረድ በነበሩ ጊዜ የመጀመሪያው ቤት የማን ነበር?»፣ «ምን ይሰጧችሁ ነበር?»፣ «የተሰበሰበውን ምን ታደርጉት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀረው ጊዜ ለስልክ፣ ለጎረቤት አካባቢና ለማስታወቂያ ነው። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ ከሁለቱም አካባቢ ሁለት ሁለት ደቂቃ የተቀረጸ ዜማ ጎን ለጎን ብታሰሙ አድማጩ ልዩነቱን በጆሮው ይለያል፣ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሬዲዮ የሚከፈተው በመሀል ነው። በየ15 ደቂቃው «የምትሰሙት ነሐሴ 16 በእንዲህ ያለ ቀበሌ የተቀረጸ ሻደይ ነው» በሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የሥራውን መጠን ቀድማችሁ ተካፈሉ፦ ለዚህ ዓይነት 60 ደቂቃ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀረጻና ሁለት ሙሉ ቀን ኤዲት ያስፈልጋል። ነሐሴ 16 ማታ ይተላለፍ የሚል አለቃ ካለ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ቀጥታ_ይሻላል
ሐምሌ 21

በአንድ ነገር አልስማማም። ሁሉም ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ ከቀረበ በዓሉ የሙዚየም ዕቃ ይመስላል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ቀጥታ ከሜዳው ይሁን። ልጆቹም ወላጆቻቸው በዚያች ሰዓት እየሰሟቸው መሆኑን ሲያውቁ አዘፋፈናቸው ይለወጣል።

የስልክ ማገናኛ ሃይብሪድ ከሌላችሁ ስልኩን ጫፉ በአራት ክፍል በተከፈለ መሰኪያ ሽቦ ከሚክሰሩ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ስልኩ የሚመለሰውን ድምፅ ከዋናው መውጫ ይወስዳሉ። ያኔ ደዋዩ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ይሰማና ንግግሩ ይሰነካከላል። ወደ ስልኩ የምትልኩት ከአውክስ (ከዋናው የተለየ የሚክሰሩ ረዳት) መውጫ ይሁን፤ የአቅራቢውን መስመር አውክስ ክፈቱ፣ የስልኩን መስመር አውክስ ግን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። በዚህ ብቻ ችግሩ ይጠፋል። ደዋዩም ሬዲዮውን እንዲያጠፋ መስመር ላይ ከመግባቱ በፊት ይነገረው፣ በአየር ላይ ሳይሆን።

የሰዓቱ_አዘጋጅ
ሐምሌ 21

@ቀጥታ_ይሻላል ተቀብያለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በስልክ መስመር ከበሮና እልልታ አያልፍም፤ የስልክ መስመር ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ሙዚቃውን ጫጫታ አድርጎ ይቆራርጠዋል። ቀጥታው ላይ ልጆቹ ይናገሩ፣ ይሳቁ፣ ወላጆቻቸውን ሰላም ይበሉ። ዜማው ከቀረጻው ይምጣ።

ሁለት_ልሳን
ሐምሌ 22

ስለ ቋንቋው። ኽምጥኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ይህ ዝግጅት ቋንቋው በአደባባይ ከሚሰማባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል ነው። ስለዚህ የአማርኛው ትርጉም ላዩ ላይ ተጭኖ እንዳይውጠው። ተናጋሪው በኽምጥኛ ሲጀምር 10 ሰከንድ በሙሉ ድምፅ ይሰማ። ከዚያ በ15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉና አማርኛው ይግባ፤ በመጨረሻ የተናጋሪው የመዝጊያ ቃል እንደገና ከፍ ብሎ ይውጣ። አድማጩ የሰውየውን ድምፅ ካልሰማ ምስክርነቱን አያምንም።

ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ግን ይቅር። በዋግ አብዛኛው አድማጭ ሁለቱንም ይሰማል፤ ተመሳሳዩን ሲደግሙበት ይዘጋዋል። ሁለቱ አቅራቢዎች እየተቀባበሉ ወሬውን ወደ ፊት ይውሰዱት፦ አንዷ በኽምጥኛ ስለ ሹሩባው ስትናገር ሌላው በአማርኛ ከዚያ ተነስቶ ወደ ልብሱ ይሂድ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ አድማጭም ከአንድ ዓረፍተ ነገር ማጠቃለያ ይረዳል። ዘፈኑን ስንኝ በስንኝ አትተርጉሙ። አንድ ስንኝ መርጣችሁ ሰሙን ፍቱ፣ ወርቁን ለአድማጩ ተዉለት፤ ስልክ ደውሎ ይነግራችኋል።

ኽ የሚለውን ድምፅ በትክክል የማይል አቅራቢ የቦታ ስም እንዳያነብብ። የቦታና የሰው ስሞችን ባለቤቶቹ ሲጠሩት ቅረጹና አቅራቢው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይለማመድ።

ለጠያቂዎች ደግሞ፦ አዛውንቷ ሲናገሩ «እሺ፣ እሺ፣ አዎ፣ እህ» አትበሉ። በባህላችን ማድመጣችንን የምንገልጸው እንዲያ ስለሆነ ይከብዳል፣ ግን እያንዳንዱ «እሺ» ንግግራቸው ላይ ይለጠፍና መቁረጥ አይቻልም። በራሳችሁ ነቅንቁ፣ ዓይን ለዓይን እዩ። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ለእማማ ንገሯቸው፣ አለዚያ ዝምታችሁን እንደ ንቀት ይቆጥሩታል።

እናት_ፈቃድ
ሐምሌ 22

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ልጃገረዶቹ አብዛኞቹ ከ18 ዓመት በታች ናቸው። የወላጅ ፈቃድ ከቀረጻው በፊት ይጠየቅ፣ ያውም በድምፅ ይቀረጽ፦ ማን እንደሆኑ፣ ቀኑ፣ ድምፁ በሬዲዮ እንዲተላለፍና በማኅደር እንዲቀመጥ መፍቀዳቸው። 20 ሰከንድ ነው። በአየር ላይ የልጅቷ የመጀመሪያ ስም ብቻ ይበቃል፤ ሙሉ ስም፣ ሰፈርና ትምህርት ቤት አንድ ላይ አይነገር። ውዳሴው ግጥም ውስጥ የባለቤቱ ስም ይገባል፤ ስጦታው ትንሽ ነው ብለው የሚሸነቁጡበት ስንኝም ሊኖር ይችላል። በሜዳው ላይ ጨዋታ የሆነው በሬዲዮ ሲደገም ሰውን ያዋርዳል። እሱን ቁረጡ።

የወረደ ዘፈን ስለማጫወትም፦ ባህላዊው ዜማ የማኅበረሰቡ ነው፣ በስቱዲዮ የተሠራው ቅጂ ግን የዘፋኙና የአሳታሚው መብት አለበት፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይደነግጋል። በፈቃድ የራሳችሁን ቀረጻ መጠቀማችሁ ከዚህም ጣጣ ያወጣችኋል።

ማሰራጫ_ጣቢያ
ሐምሌ 23

ከማሰራጫው ጎን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ነው። እንደ ዋግ ባለ ገደላማ አገር ከተራራ ጀርባ ያለ ቀበሌ ደካማ ሞገድ ነው የሚደርሰው። ስቴሪዮ በደካማ ሞገድ ላይ ሽሽታውን በ20 ዴሲቤል ያህል ያባብሰዋል። አድማጩም የሚሰማው በአንዲት ድምፅ ማጉያ ነው። ማሰራጫውን ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ አንድ ድምፅ) አድርጉት፤ ኃይል ሳትጨምሩ ንግግሩ ይጠራል። ግን ተጠንቀቁ፦ በሁለት በተራራቁ ማይኮች የተቀረጸ ስቴሪዮ ወደ ሞኖ ሲጨመቅ የተወሰነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ከበሮው ይቀጥናል። ኤዲት ስትጨርሱ አንዴ በሞኖ ስሙት። ቀጭን ከሆነባችሁ አንዱን ጎን ብቻ ወስዳችሁ በሁለቱም ላይ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ኤፍ ኤም ከመተላለፉ በፊት ቀጭን ድምፆችን ከፍ ያደርጋል፣ ተቀባዩ ሬዲዮ መልሶ ዝቅ ያደርጋቸዋል። በዚህ ምክንያት እልልታና ጸናጽል ስቱዲዮ ውስጥ ደህና ቢመስሉም ማሰራጫው ላይ ሲደርሱ ገደቡን ይነካሉ፤ ገዳቢው መሣሪያ ሙሉውን ድምፅ ይጫንና ዘፈኑ ድንገት ይሰምጣል። መፍትሔው ኤዲት ላይ እልልታው ያለበትን ቦታ ብቻ መርጦ በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው። ሙሉውን ዘፈን አትንኩ።

ሞገዱ ለማይደርሳቸው ቀበሌዎች ዝግጅቱን በኤምፒ 3፣ በ128 ኪሎ ቢት አውጡት፤ 60 ደቂቃው 58 ሜጋባይት ያህል ነው። ሜሞሪ የሚቀበሉት ትንንሽ ሬዲዮዎች ያለ ችግር ያጫውቱታል። ገበያ ለሚመጣ ሰው ካርዱ ላይ መገልበጥ ነው።

ሰቆጣ_ሞገድ
ሐምሌ 24

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። የተያዘው ዕቅድ እንዲህ ሆኗል፦ መጠኑ በእልልታ ይለካል፤ አንድ ቡድን ብቻ እንከተላለን፤ ነሐሴ 15 ሹሩባና ቅጠል፣ ነሐሴ 16 ጠዋት ጉዞው፣ 17 እና 18 ኤዲት፣ 19 ስርጭት። ቀጥታው 6 ደቂቃ በንግግር ብቻ። ማሰራጫው ሞኖ ይሆናል።

የቀረችው ጥያቄ የማኅደሩ ነው። ያለፉት ዓመታት ቀረጻዎች «አዲስ ፋይል 3» በሚል ስም ተከማችተዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከበሮና_ማይክ
ሐምሌ 24

ስሙ በዓመተ ምሕረት፣ በወር ቁጥር፣ በቀን ይጀምር፦ 2017-12-16_ሻደይ_ሰቆጣ_01። ነሐሴ 12ኛ ወር ነው፤ ጳጉሜን 13 በሉት። ዓመቱ ከፊት ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። አንዳንድ መቅረጫ የግእዝ ፊደል አያነብብም፣ ስለዚህ ካርዱ ላይ እያለ ስሙን አትቀይሩ፤ ወደ ኮምፒውተር ከገለበጣችሁ በኋላ ቀይሩ። የመቅረጫው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ ቀረጻው ሲጀመር አንድ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውንና የአውራጇን ስም በድምፅ ይናገር። ፋይሉ ስሙን ቢያጣ እንኳ ድምፁ ይመሰክራል።

ያልተቆረጠውን ዌቭ አስቀምጡ፣ የተቀናበረውን ብቻ አይደለም። ዛሬ የማይጠቅም የመሰለው የዋዜማ ጫጫታ ከ20 ዓመት በኋላ ከዘፈኑ ይበልጥ ይፈለጋል። ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች፤ አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ውሃና አይጥ በማይደርስበት። በየዓመቱ አንዴ ሁለቱንም ከፍታችሁ ፋይሎቹ መጫወታቸውን ፈትሹ።

ሁለት_ልሳን
ሐምሌ 25

ከፋይሉ ጎን አንድ የጽሑፍ ፋይል በዚያው ስም ይቀመጥ፦ አውራጇ፣ ተቀባዮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ግጥሙ በኽምጥኛ እንደተባለ፣ ከሥሩ የአማርኛው ፍቺ። ግጥሙን ያለችዋ ልጅ ራሷ ታንብበውና ታርመው። የቡድኑ መሪም የቀረጻውን ቅጂ በካርድ ትውሰድ፣ ዝግጅቱ ከመተላለፉ በፊት።

ሰቆጣ_ሞገድ
ሐምሌ 25

ስድስት ካርድ ተገዝቷል፤ ሁለቱ ለልጆቹ ናቸው። የእልልታው ሙከራ ነሐሴ 10 ጠዋት ነው። የሙከራው ድምፅ እዚሁ ክር ላይ በፋይል ይለጠፋል፤ ከበሮው ከበዛ ንገሩን።